የአጎቴን ሰንጢ በሰው ፊት ነቀፍሁ፤ ሰንጢው አሁንም ኪሳቸው ውስጥ ነው

ባለብየዳው (ደብረ ማርቆስ) | እሑድ፣ ከምሽቱ 3፡20

ሰላም ለሁላችሁ። ከቀትር ጀምሮ ልቤ አላረፈም፤ ምክራችሁን ፈልጌ ነው የምጽፈው።

ዛሬ የእኅቴ ልጅ ክርስትና ነበር። ከደምበጫ በኩል የመጡት አጎቴ፣ የአባቴ ታናሽ ወንድም፣ ምሳ ከተበላ በኋላ ልጆቹን ሰብስበው ሸንኮራ ሊልጡላቸው በረንዳው ላይ ተቀመጡ። ከኮታቸው ኪስ አዲስ ሰንጢ አወጡ። እጀታው ጥቁር ነው፤ በአንደኛው ጎኑ የንስር ሥዕል አለበት፤ በአውራ ጣት ገፋ ሲያደርጉት ጠቅ ብሎ ይከፈታል። ልጆቹ «እኔ ልክፈተው! እኔ ልክፈተው!» እያሉ ከበቧቸው። እርሳቸው ግን ከፍ አድርገው ይዘው ይስቃሉ እንጂ ለአንዱም አልሰጡም። አጎቴን እንዲያ ደስ ብሏቸው ካየሁ ቆይቻለሁ።

እኔ በብረታ ብረት ሥራ 11 ዓመት ቆይቻለሁ። ሰንጢው ገና ሲከፈት ድምፁ አልጣመኝም። አንድ አገዳ ልጠው ሁለተኛውን ሲጀምሩ ስለቱ አንጓው ውስጥ ተቀረቀረ። ሊያወጡት ወዲያና ወዲህ ሲነቀንቁት መቆለፊያው ከዳና ስለቱ ወደ እጀታው ሸሸት ብሎ ተመለሰ። አመልካች ጣታቸው የነበረው ልክ ስለቱ በሚታጠፍበት ቦይ ላይ ነው። ባይቀረቀር ኖሮ ጣታቸው ላይ ይዘጋ ነበር።

ያኔ ያልሁትን እንዳለ ልጻፈው። «አያ፣ ይህን ስንት ገዙት?» አልሁ። «180 ብር» አሉ። «አታለውዎታል! ይህ እኮ መጫወቻ ነው፤ ጣትዎን ሳይቆርጥዎ ይጣሉት» አልሁ። ድምፄ ከፍ ያለ ነበር። ፊት ለፊታቸው ባለፈው ጥር ልጃቸውን የዳሩላቸው አማቾቻቸው ተቀምጠዋል።

አጎቴ ሰንጢውን ቀስ ብለው አጠፉት፤ በጋቢያቸው ጫፍ ጠረጉት፤ ወደ ኪሳቸው መለሱት። «እሺ ልጄ» ብቻ አሉ። የቀረውን ሸንኮራ ሰው በወጥ ቤት ቢላ ላጠው። ያድራሉ የተባሉት ሰው ከ10 ሰዓት በፊት ተነሥተው ሄዱ።

የሚከነክነኝ ሁለት ነገር ነው። አጎቴን አሳፍሬአለሁ፤ ሰንጢው ደግሞ አሁንም ኪሳቸው ውስጥ ነው። መናገር አልነበረብኝም? ወይስ ሌላ አነጋገር ነበረ?

የአዴት ገበሬ | እሑድ፣ ከምሽቱ 3፡52

ወንድሜ፣ እኔ ብሆን ዝም እል ነበር። አንተ ያየኸው ሰንጢውን ነው፤ አማቾቹ ያዩት ግን አጎትህን ነው። ማጭድና ገጀራ ይዞ ያደገ ሰው ስለት መያዝ አይጠፋውም፤ በሰንጢም አይሞትም። በገንዘቡ ገዝቶ የተደሰተበትን ዕቃ ማጣጣል የልብ ማቁሰል ነው። በሰው ፊት ስንት ገዛኸው ብሎ ከመጠየቅ ወዲያ ምን ነውር አለ?

መካኒኩ (ባሕር ዳር) | እሑድ፣ ከምሽቱ 4፡10

የአዴቱ ወንድሜ፣ በሰንጢ አይሞትም ያልኸው እውነት ነው። ጣት ግን ይሞታል።

የቀኝ እጄ አመልካች ጣት አይታጠፍም። ከ6 ዓመት በፊት መኪና ሥር ተኝቼ የጎማ ቱቦ ስቆርጥ ሰንጢዬ ተዘጋብኝ። ቁስሉ ትንሽ ነበር፤ ደሙም ብዙ አልነበረም። ጣት የሚያጥፈው ጅማት ግን ከውስጥ ተቆርጦ ኖሯል። እኔ በጨርቅ ጠምጥሜ ሥራዬን ቀጠልሁ። ሐኪም ዘንድ ስደርስ ጊዜው አልፎ ነበር። ዛሬ ብሎን ስይዝ በመሃል ጣቴ ነው የምይዘው፤ ጽሑፍም የምጽፈው እንዲሁ ነው።

የሚያቃጥለኝ ይህ አይደለም። አብሮኝ የሚሠራ ጓደኛዬ ሰንጢዬ እንደሚከዳ ከሁለት ሳምንት በፊት አይቶ ነበር። ሊጠይቀኝ የመጣ ዕለት አልጋዬ ጠርዝ ላይ ተቀምጦ ነገረኝ። «አዲስ ገዝተህ ደስ ብሎህ ስለነበር፣ ቅር እንዳይልህ ብዬ ተውሁት» አለኝ። እኔ ለሁለት ሳምንት ቅር ብሎኝ በከረመ ይሻል ነበር! ጠላት ያስቃል፣ ወዳጅ ያስለቅሳል የሚባለው ለዚህ ነው። ባለብየዳው፣ መናገርህ ደግ አደረግህ። ጮክ ማለትህ እንኳ ለእኔ ጥፋት አይመስለኝም።

የልጆች እናት (ቡሬ) | እሑድ፣ ከምሽቱ 4፡41

ልጄ ባለብየዳው፣ እኔ በዕድሜ እናትህ እሆናለሁ፤ ስለዚህ ሳልሸሽግ እነግርሃለሁ። መናገርህ ልክ ነው። ቅደም ተከተሉ ነው የተበላሸብህ።

አፍህን የከፈትኸው በዋጋው ነው። ሰው ዋጋውን ከተጠየቀና «አታለውዎታል» ከተባለ በኋላ የሚመጣውን ምክር ጆሮው አይቀበልም። አጎትህ ጣታቸውን ልታድን እንደሆነ አልሰሙህም፤ የሰሙት በአማቾቻቸው ፊት ገንዘብ መያዝ የማያውቁ ሰው መባላቸውን ነው። ዋጋ የጣት ጉዳይ አይደለም። ለምን ጠየቅኸው?

አሁን አደጋው በዓይንህ ፊት ነው እንበል። ያኔ ዝም አይባልም። ግን የሚባል ነገር ነበረልህ፤ «አያ፣ እርስዎ ከአማቾችዎ ጋር ይጫወቱ፣ እኔ ልላጥላቸው» ብለህ ሰንጢውን ከእጃቸው ትቀበላለህ። ታናሽ ለታላቅ ሥራ ሲቀበል ክብር ነው፤ ማንም ምንም አይጠረጥርም። አንተ ደግሞ እጅህን ታውቃለህ፤ ወይም ሌላ ቢላ ታስመጣለህ። አደጋው በዚያች ደቂቃ ቆመ ማለት ነው።

ምክሩ የሽኝት ነው። በእኛ አገር እንግዳ በር ላይ ተሰናብቶ አይቀርም፤ መንገድ ድረስ ይሸኛል። ያ መንገድ ለምን የተሠራ ይመስልሃል? በሰው መሃል የማይባለው ሁሉ እዚያ ይባላል። ጎን ለጎን እየሄድህ ስለሆነ ዓይን ለዓይን አትተያዩም፤ የሚሰማውም ሰው ፊቱን አይሸሽግም። «አያ፣ ያቺ ሰንጢ ስትነቃነቅ መቆለፊያዋ ሲከዳ አየሁና ደነገጥሁ፤ ለእኔ ይስጡኝና ላስተካክላት» ትላለህ። ይኸው ነው።

ባለብየዳው (ደብረ ማርቆስ) | እሑድ፣ ከሌሊቱ 5፡05

እማማ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። አንጀቴ ውስጥ ገባ። ዛሬ አልሸኘኋቸውም፤ ብድግ ሲሉ አፍሬ ወደ ጓሮ ዞርሁ።

መካኒኩ ወንድሜ፣ ስለ ጣትህ በጣም አዝናለሁ። እኔም የጮኽሁት ከድንጋጤ ነው።

ሰንጢ ወዳዱ (ፍኖተ ሰላም) | ሰኞ፣ ከጠዋቱ 1፡30

ከልጅነቴ ጀምሮ ሰንጢ እሰበስባለሁ፤ ሠላሳ ያህል አሉኝ። ባለብየዳው ከቁጣው ጋር ያቀላቀላቸው ሁለት ነገሮች ስላሉ ልለያያቸው።

ርካሽ መሆንና አደገኛ መሆን አንድ አይደሉም። በፈረንሳይ ሳቮይ በሚባለው ተራራማ አገር ዦዜፍ ኦፒኔል በ1890 መሥራት የጀመረው ሰንጢ የገበሬና የእረኛ ዕቃ ነው፤ የእንጨት እጀታ፣ አንድ ስለትና አንድ ችንካር፣ ሌላ ጌጥ የለውም። እስከ 1955 ድረስ መቆለፊያ እንኳ አልነበረውም፤ በዚያ ዓመት ነው በአንገቱ ላይ የምትዞር የብረት ቀለበት የተጨመረችለት። ዛሬም በአገሩ ከውድ ዕቃ አይቆጠርም። ቀለበቷን ያዞረ ሰው ግን ስለቱ አይከዳውም።

መቆለፊያ የሌለው ሰንጢም በራሱ ክፉ አይደለም። ቀዩን የስዊስ ሰንጢ ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ካርል ኤልስነር በ1891 ለስዊዘርላንድ ጦር የወታደር ሰንጢ ማቅረብ ጀመረ፤ የመኮንኑ ሰንጢ ደግሞ በ1897 ተመዘገበ። የዚያ ሰንጢ ስለት የሚቆመው በጀርባው ባለች ሞላ ኃይል ብቻ ነው። ገፋ ካደረግኸው ይታጠፋል። ግን ይህን አይሸሽግህም፤ ስትዘጋው ሞላው ሲገፋህ በእጅህ ይሰማሃል፣ ስለዚህ ተጠንቅቀህ ትቆርጣለህ።

የሚያስፈራው የአጎትህ ዓይነት ነው። መቆለፊያ አለኝ ብሎ ያሳምንሃል። የጠቅታውን ድምፅ ሰምተህ እጅህን ታሳርፋለህ፤ የማትጫነውን ትጫናለህ፣ የማትወጋውን ትወጋለህ። በደህናው ሰንጢ ያቺ ከእጀታው ውስጥ ወደ ጎን የምትወረወረው የብረት ልሳን ከስለቱ ተረከዝ ኋላ (በመታጠፊያው በኩል ካለው ግርጌ ማለቴ ነው) ሙሉ በሙሉ ገብታ ትቆማለች። በመጥፎው ጫፏ ብቻ ነካ አድርጎ ይቆማል። ወይም ልሳኗ ከመሳሳቷ የተነሣ ትጎብጣለች። ወይም የመታጠፊያው ብሎን ላልቶ ስለቱ ግራና ቀኝ ይንገዳገዳል። አንድ ነገር ልጨምር፤ የሸንኮራ ውሃ ሲደርቅ እንደ ሙጫ ስለሚይዝ ደህናይቱንም ልሳን እስከ ቦታዋ እንዳትደርስ ያደርጋታል። ሸንኮራ የተላጠበት ሰንጢ በሞቀ ውሃ ታጥቦ፣ ደርቆ፣ መታጠፊያው ላይ አንድ ጠብታ ዘይት ሊያገኝ ይገባል።

መፈተኛው ቀላል ነው። ስለቱን ክፈተው። እጀታውን ከሁለቱ ጎን ብቻ ያዘው፤ አንድም ጣት በቦዩ ላይ አይሁን። የስለቱን ጀርባ ከእንጨት ጠረጴዛ ጠርዝ ላይ አስደግፈህ ቀስ እያልህ ተጫን። ከታጠፈ መቆለፊያ የለውም ማለት ነው። ይህን ፈተና አጎትህ በገዛ እጃቸው እንዲያደርጉት አድርግ። ከአንተ ቃል ይልቅ ሰንጢው ራሱ ይንገራቸው።

ሱቅ በደረቴ (ደጀን) | ሰኞ፣ ከጠዋቱ 3፡15

እኔ እንዲህ ያለውን ሰንጢ የምሸጥ ሰው ነኝ። አውቶቡሱ ከአባይ በረሃ ወጥቶ ደጀን ለምሳ ሲቆም ባትሪ፣ ማበጠሪያ፣ የጥፍር መቁረጫና ሰንጢ በደረቴ ይዤ እዞራለሁ። «አታለውዎታል» የሚለው ቃል እኔንም ነክቶኛል።

ገዢው 180 ብር ይዞ ነው የሚመጣው። በ180 ብር የሚገኘው ይኸው ነው። እኔም ከአከፋፋይ ስቀበል በደርዘን ነው፤ መርጬ አልቀበልም። ግን አንድ እውነት ልናገር፤ መቆለፊያው ምን እንደሆነ እስከ ዛሬ ጠዋት ድረስ በደንብ አላውቅም ነበር። ጠቅ ካለ ይሸጣል። ሰንጢ ወዳዱ የጻፈውን ካነበብሁ በኋላ ደረቴ ላይ ያሉትን 9 ሰንጢዎች በሻይ ቤቱ ጠረጴዛ ላይ አንድ በአንድ ፈተንኋቸው። አራቱ ታጠፉ። ለብቻ አስቀምጫቸዋለሁ፤ ለአከፋፋዩ እመልሳለሁ፤ ባይቀበለኝም አልሸጣቸውም።

ከዚህ በፊት ለእኔ የነገረኝ ሰው የለም። ሰው ሁሉ የሚናገረው ለገዢው ነው፤ ያውም ከገዛ በኋላ። ለሻጩ ቢነገር እኮ አሥር ሰው ይድን ነበር።

የቀድሞ ቆሎ ተማሪ | ሰኞ፣ ከቀኑ 7፡40

ሱቅ በደረቴ፣ እጅህ ይባረክ። አራቱን የለየህባት ጠዋት ብዙ ቤት ደርሳለች።

እኔ በልጅነቴ ጎንጅ አካባቢ ቅኔ ስማር ስለ እርማት ያየሁትን ላካፍላችሁ። የቅኔ ተማሪ ቀኑን ሙሉ በየጥጉ ተቀምጦ ቅኔ ይቆጥራል። የቆጠረውን ወዲያው በጉባኤ አይዘርፍም፤ በሰው ፊት አያሰማም ማለት ነው። መጀመሪያ ለመምህሩ ይነግራል፤ ነገራ ይባላል። የኔታ ጎንበስ ብለው ይሰሙታል። ጉባኤ ቃና የሚባለው ቅኔ ሁለት ቤት (ስንኝ) ብቻ ነው፤ ከሁለቱ አንዱ ከተሰበረ ሁሉም ተሰበረ። የኔታ «ይህች ቤት ጎድላለች» ይላሉ፤ ቃል ይለውጣሉ፤ ምስጢሩን ግን የተማሪውን ይተዉለታል። በጉባኤ ሲዘርፈው ጉድለቱን የሚያውቁት እርሱና የኔታ ብቻ ናቸው። ጉባኤው የሚሰማው የቀናውን ነው።

ባለብየዳው ያለ ነገራ ወደ ዘረፋ ገባ። የአጎቱን ጉድለት ጉባኤው ሁሉ ሰማው።

ሰንጢም ነበረችን። አንዲት፣ ለ12 ተማሪ። መቃ ብዕር የምንቀርጸው በእርሷ ነበር። መታጠፊያዋ ላልቶ ስለነበር አንድ ታላቅ ተማሪ ማታ ማታ በሰም የታሸ ክር ያጠብቅላት ነበር። ለማናችንም «ሰንጢያችሁ ክፉ ናት» ብሎ አያውቅም። ጠዋት ስናነሣት ክሩ አዲስ ሆኖ እናገኘዋለን፤ እርሱን ስናይ እጃችንን እንሰበስባለን።

መካኒኩ (ባሕር ዳር) | ሰኞ፣ ከቀኑ 8፡05

የቆሎ ተማሪው ያልኸው ያማረ ነው፤ ነገር ግን በጓሮ የሚነገር ቅኔ ሰው አይቆርጥም። ሰንጢ ይቆርጣል። «ብቻውን እስካገኘው» እየተባለ ቀን ያልፋል። እኔን ያገኘኝ እንዲህ ነው።

ነርሷ (ሞጣ) | ሰኞ፣ ከምሽቱ 1፡20

ተረኛ ስለነበርሁ ዘገየሁ። ስለ አነጋገሩ እማማ ከቡሬ የተናገሩት ይበቃል። እኔ መካኒኩ የደረሰበት በሌላ ሰው እንዳይደርስ ጥቂት ልጨምር፤ በእጅ መቆረጥ የሚመጣ ሰው በየሳምንቱ አያለሁና።

ጣት ሲቆረጥ በንጹሕ ውሃና ሳሙና ይታጠባል። ከዚያ በንጹሕ ጨርቅ አጥብቆ መጫን፣ እጅን ከልብ በላይ ከፍ አድርጎ መያዝ ነው። ቢያንስ 10 ደቂቃ፤ በመሃል ቆመ አልቆመ እያሉ መግለጥ የለም። ቀለበት ካለ ሳያብጥ ይውለቅ። ቡና መነስነስ፣ አፈር ማድረግ፣ ቅቤ መቀባት ቁስሉን ያመረቅዘዋል፤ ሐኪሙም ውስጡን እንዳያይ ይከለክለዋል። እባካችሁ ይህን በየቤታችሁ ተናገሩ።

ደሙ ከቆመ በኋላ ያን ጣት አጥፉት፣ ዘርጉት። ጫፉን በሌላ ጣት ዳብሱት። አልታጠፍ ካለ ወይም ከደነዘዘ ቁስሉ የጥፍር ያህል ቢሆን እንኳ በዚያው ቀን ሆስፒታል ነው። ጅማት ጊዜ አይሰጥም። የመንጋጋ ቆልፍ ክትባታችሁ ጊዜው ያለፈ ከሆነም ተከተቡ።

የቆሰሉ ሰዎች ሁሉ የሚነግሩኝ አንድ ነገር አለ፤ «ዱልዱም ስለነበር አይቆርጠኝም ብዬ ነው» ይላሉ። ዱልዱም ስለት ጉልበት ይፈልጋል፤ ጉልበት ደግሞ ሲያመልጥ ማቆሚያ የለውም።

የአንጥረኛ ልጅ | ሰኞ፣ ከምሽቱ 2፡45

አባቴ ከመኪና ባሌስትራ ካራና ማጭድ ይቀጠቅጥ ነበር። በልጅነቴ ወናፍ ነፍቼለታለሁ። ባለብየዳው «መጫወቻ ነው» ያልኸውን ሳነብ አንድ ነገር ትዝ አለኝ። አባቴ የሠራውን ካራ ሲመሽ መጥተው የሚገዙ፣ በቀን መንገድ ላይ ሰላም የማይሉት ሰዎች ነበሩ። በገበያ ካራውን አንሥተው «ይህ ምን ብረት ነው?» ብለው በንቀት ሲጥሉት አባቴ ምንም አይልም፤ ማታ ግን እራት አይበላም። ዕቃ ሲናቅ ከኋላው ያለው ሰው ይሰማዋል፤ የሠራውም፣ የያዘውም። የአጎትህን ቀደም ብሎ መሄድ በዚህ አየሁት።

አሁን ወደ ሰንጢው ልምጣ፤ መጣል የለበትም። እንዲያ ያለ ሰንጢ ቋሚ ቢላ ይሆናል። ስለቱን ክፈተውና ከስለቱ ተረከዝ ጀርባ፣ ልሳኗ የምትቆምበት ቦታ ላይ፣ ሁለቱን የእጀታ ጎኖች ባለ 4 ሚሊ ሜትር መብሻ ብሳቸው። የብረት ችንካር አሳልፈህ በሁለቱም በኩል ቀጥቅጠው። ችንካሩ ከተረከዙ ጋር ገጥሞ ከተቀመጠ ስለቱ ወደ ኋላ የሚሄድበት መንገድ የለውም። ከዚያ በኋላ ስለማይታጠፍ ከወፍራም ቆዳ አፎት ስፋለት። በብረታ ብረት ሥራ እንደቆየህ ጽፈሃል፤ የግማሽ ቀን ሥራ ነው። አጎትህ የገዙት ሰንጢ የአጎትህ እንደሆነ ይቀራል።

የአዴት ገበሬ | ሰኞ፣ ከምሽቱ 3፡10

ዝም በል ብዬ ነበር የጻፍሁት። የመካኒኩን ጣትና የነርሷን ቃል ካነበብሁ በኋላ ያን ቃሌን አንሥቻለሁ። የዋጋውን ነገር ግን አላነሣም።

ባለብየዳው (ደብረ ማርቆስ) | እሑድ፣ ከምሽቱ 2፡30

አንድ ሳምንት ሆነኝ። የሆነውን ልንገራችሁ።

ትናንት ቡናና ስኳር ይዤ አጎቴ ቤት ሄድሁ። ደጅ ላይ ሲያዩኝ እንደ ወትሮው አቅፈው ሳሙኝ። ምሳ በላን፤ ቡናው እስከ በረካ ደረሰ። ስለ ሰንጢው አንድም ቃል አልተነሣም። እኔ ምላሴ ደርቋል። ልነሣ ስል «ና ልሸኝህ» አሉና ጋቢያቸውን ትከሻቸው ላይ ጣል አድርገው ወደ አስፋልቱ ወረድን። ልሸኝ የሚገባኝ እኔ፣ ሸኚው እርሳቸው ሆኑ።

ግማሽ መንገድ ላይ «አያ፣ ያለፈው እሑድ አጥፍቻለሁ፤ ይቅር ይበሉኝ» አልሁ። ጥቂት ተራመዱና እንዲህ አሉኝ። «ልጄ፣ ሰንጢው እንደሚከዳ በገዛሁት በማግስቱ አውቄአለሁ። ልጆቹን አላስነካ ያልኋቸው ለዚህ አይደል? ሸንኮራው አንጓ ላይ ስደርስ ዘነጋሁ፤ ያየኸው ልክ ነው። የከነከነኝ ያ አይደለም። ዋጋውን ባትጠይቀኝ ኖሮ ሳቅ ብዬ አልፈው ነበር።»

እማማ፣ ቃል በቃል እርስዎ የጻፉት ነው።

ከዚያ ቆም አሉ። «እኔም አንድ ነገር አለኝ» አሉ። ባለፈው ጥቅምት ለገበያ ማርቆስ መጥተው ሱቄ ጎራ ብለው ነበር። በግራይንደሬ፣ በብረት መቁረጫ ማሽኔ፣ ያለ መከላከያ ስሠራ አይተውኛል፤ መከላከያው ግድግዳው ላይ ተሰቅሎ ነበር። እንደዚያ ያለ ዲስክ በመንደራቸው ወፍጮ ቤት ተሰብሮ የአንድ ልጅ ግንባር ከፍሏል። «ሠራተኞችህ ስለነበሩ አልተናገርሁም። ከዚያ ወዲህ ከማርቆስ ሰው በመጣ ቁጥር ደህና ነው ወይ እያልሁ እጠይቃለሁ» አሉኝ።

አስፋልቱ ዳር ቆሜ እንባዬ መጣ። በደቂቃ እስከ 11,000 ጊዜ የምትዞር ዲስክ ናት፤ ፊቴ ደግሞ አንድ ክንድ ራቀ ቢባል ነው። ሥራ ያፈጥናል ብዬ ነው ያወለቅሁት። እውነቱን ለመናገር ከእንባው ጋር ንዴትም ነበረኝ። «አያ፣ ከጥቅምት እስከ ዛሬ ለምን ዝም አሉኝ?» አልኋቸው። «ብቻህን እስካገኝህ ብዬ» አሉ። «ሳገኝህ ደግሞ ሁልጊዜ ሰው አለ።»

መካኒኩ (ባሕር ዳር) | እሑድ፣ ከምሽቱ 2፡48

ይኸው! የምለው ይህን ነው። ያ ዲስክ በኅዳር ቢሰበርስ? አጎትህ ምን ይሉ ነበር? ከክብርህ ጋር ቀበርንህ?

የልጆች እናት (ቡሬ) | እሑድ፣ ከምሽቱ 3፡15

መካኒኩ ልጄ፣ በዚህ አልከራከርህም፤ እውነትህን ነው። እኔ ሽኝት ያልሁት የዚያኑ ቀን ሽኝት ነው። ሳይመሽ። አጎቱ ሠራተኞቹን «እስቲ ለአንድ አፍታ ልጄን ስጡኝ» ብለው ከሱቁ ደጅ ሊያወጡት ይችሉ ነበር፤ ያም ሽኝት ነው። ክብር ለመጠበቅ ሲባል ወር ከተቆየ ክብሩ የማን እንደሆነ አላውቅም። ባለብየዳው፣ አጎትህን ግን አትቀየማቸው። በየመንገደኛው ስለ አንተ ሲጠይቁ የከረሙ ሰው ናቸው።

ባለብየዳው (ደብረ ማርቆስ) | እሑድ፣ ከምሽቱ 3፡40

አልቀየምም፣ እማማ። ትናንት ማታ ሱቅ ገብቼ መከላከያውን መልሼ አሰርሁት። ለሁለቱ ሠራተኞቼም የመከላከያ መነጽር ገዛሁ። መከላከያውን ፈቶ የሚሠራ ሰው ካዩ፣ እኔ ራሴ ብሆን እንኳ፣ በዚያው ደቂቃ እንዲናገሩ ነግሬአቸዋለሁ።

ሰንጢውንም ሰጡኝ። መፈተኛውን አስፋልቱ ዳር ባለ የእንጨት አጥር ላይ በገዛ እጃቸው ሞከሩት፤ ምንም ሳይጫኑት ታጠፈ። የአንጥረኛው ልጅ ያለውን ስነግራቸው አፎት የሚለውን ወደዱት፤ በቀበቶ የሚታሰር አድርግልኝ አሉ። አደራ ያሉኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ የንስሩ ሥዕል እንዳይፋቅ። ሥዕሉ ያለው ችንካሩ በሚገባበት ጎን ነው፤ እጀታው ደግሞ ፕላስቲክ ነው።

የአንጥረኛ ልጅ፣ ስቀጠቅጥ እንዳይሰነጠቅብኝ ምን ላድርግ?

የአንጥረኛ ልጅ | እሑድ፣ ከምሽቱ 4፡02

ከንስሩ በኩል አትቀጥቅጥ። የችንካሩን ራስ አስቀድመህ አስፋውና ከሥዕሉ ጎን አስገባው፤ በትንሽ የመዳብ ቀለበት ላይ ይረፍ። የምትመታው ከኋላው ነው። ከበታቹ መስፍ ላይ እርጥብ ቆዳ አንጥፍ። በትንሽ መዶሻ፣ በቀስታ፣ ዙሪያውን። ሲያልቅ ፎቶውን ላክልን።